ስድስተኛው ዙር ይባረክ

የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ቀጣሪዎች ልምድ ላላት ሴት ክብር የላቸውም የሚል አፉ ቁርጥ ይበል። ለሥራ ቃለ መጠይቅ ስድስት ጊዜ ጠርተው የሚጠይቁት እኮ የሚያከብሩትን ሰው ነው!

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሜታ 11 ሺህ ያህል፣ በተከታዩ ጃንዋሪ ጉግል 12 ሺህ ያህል ሠራተኛ ለመሸኘት ከወሰኑ ወዲህ ይህ ክብር እጅግ ደርቷል። ሽኝቱ ራሱ ደግነት የሞላበት ነው። የስንብት ክፍያውን ውል «ዛሬውኑ ፈርሚ» የሚሏት ለድካሟ አዝነው ነው። 40 ዓመት የሞላት ሠራተኛ በጅምላ ቅነሳ ስትወጣ፣ የዕድሜ አድልዎ ክሷን የሚያስቀር ውል ለማሰብ 45 ቀን፣ ከፈረመች በኋላ ለመሻር 7 ቀን ሕጉ እንደሚሰጣት ቢነግሯት በከንቱ ትጨነቅ ነበራ።

ከዚያ ሲቪዋን የሚያነብላት ማሽን ነው፤ ሰው ያደላላ! ማሽኑ ባለ ሁለት ዓምድ ሲቪ ሲያገኝ ግራና ቀኙን አጋብቶ ያነብና የሥራ መደቧን ከስልክ ቁጥሯ ጋር ይድረዋል። ሠንጠረዥ ውስጥ ያለውን ሙያ ጭራሽ ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓምድ፣ ተራ ፊደል፣ ያለ ሥዕል። ዕድሜዋ እንዳይታወቅ የተመረቀችበትን ዓመት ታጥፋ፣ የመጨረሻውን 15 ዓመት ብቻ ታስቀር። አሳጥራ ስትልክ ልምዷ ያንሳል፣ ሳታሳጥር ስትልክ ለቦታው ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም በወጣው ኩበርኔቲስ በተባለ የሰርቨር ፕሮግራሞች ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የ15 ዓመት ልምድ ቢጠይቋትም አይድነቃት፤ ከመወለዱ በፊት ማሳደግ ነበረባት።

የኮድ ፈተናው ላይ ስንደርስ 45 ደቂቃ ተሰጥቷት ባይነሪ ትሪ (መረጃ በዛፍ ቅርጽ የሚደረደርበት አሠራር) ትገለብጣለች። ላለፉት አሥር ዓመታት የሠራችው ሌሊት የወደቀ ሰርቨር ማንሣት፣ የሌሎችን ኮድ ማረም፣ ወጣቶችን ማሠልጠን ነው፤ ዛፍ እንድትገለብጥ የጠየቃት አለቃ አልነበረም። ሁለት ወር እየተለማመደች እንቆቅልሹን ካልሸመደደች ትወድቃለች፤ ከኮሌጅ ትናንት የወጣው ልጅ ያልፋል። እሰይ! ከተቀጠረ በኋላ ሰርቨሩን ማን ያነሣዋል ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ነው።

ከሁሉ የሚጣፍጠው ግን የጠባይ ጥያቄ ነው። አበው «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ያሉትን እነዚህ ሰዎች ሳይሰሙት በሥራ ተርጉመውታል፤ አምስት ወንዶች በስክሪን ተደርድረው እውቀቷን ይጨርሱላታል። «ሲስተሙን እኔ ነኝ የነደፍኩት» ካለች ጉራ አበዛች። «ከቡድኑ ጋር ነደፍነው» ካለች የራሷ ድርሻ አልታየም። ፈገግ ካላለች ትከብዳለች፣ ፈገግ ካለች ለኃላፊነት ትቀልላለች። ዕድሜዋን ማንም አይጠይቃትም፤ እ.ኤ.አ. የ1967ቱ ሕግ በዕድሜ ማዳላትን ይከለክላል። «ቡድናችን ፈጣንና ባለ ብዙ ጉልበት ነው» ብቻ ይሏታል። ሕግ አክባሪዎች!

ደመወዙንም አይደብቁም። የዋሽንግተንና የካሊፎርኒያ ግዛቶች እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ በማስታወቂያው ላይ እንዲጽፍ ስላዘዙ «ከ120 ሺህ እስከ 310 ሺህ ዶላር» ብለው ይጽፋሉ። በመካከሉ አንድ ቤት ከነግቢው ይገባል።

በኤች ዋን ቢ ቪዛ (ለውጭ አገር ባለሙያ በሚሰጠው የሥራ ቪዛ) ያለችው ደግሞ ልዩ ዕድለኛ ናት። ከሥራ ከወጣች በኋላ ቢበዛ 60 ቀን አላት፤ በዚያ ውስጥ አዲሱ ቀጣሪ ወረቀቷን ማስገባት አለበት። ስድስት ዙር፣ በየሳምንቱ አንድ፣ 42 ቀን። የቀረው 18 ቀን «በቅርቡ እናሳውቅሻለን» የሚለውን ቃል ለማጣጣም በቂ ነው።

ቃሉም ይከበራል፤ ማንም አይደውልም። በሦስተኛው ወር ያው ማስታወቂያ «አዲስ» ተብሎ ይወጣል። መጀመሪያ ያነጋገራት ቀጣሪም መልእክት ይልክላታል፦ «ልምድሽ በጣም ማርኮኛል፤ ለ15 ደቂቃ ብንተዋወቅስ?»