ችግር በኃላፊ ጊዜ

ችግር የሌለበት ሕዝብ ማየት የሚፈልግ ሐዋሳ ይምጣ። ብዙም አይደክም፤ እሁድ ጠዋት የእኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይቁም። “ሰላም ነው?” “ጌታ ይመስገን!” “ቤተሰብ?” “ተባርከናል!” “ሥራስ?” “በድል ነው!” እጅ ጨበጥ፣ ትከሻ መታ፣ አለቀ። የሚቀጥለው ሰው እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። በዚህ ፍጥነት ምርመራ የሚጨርስ ሆስፒታል ካለ አሳዩኝ።

እኔ በዚህ ጸጋችን እኮራለሁ። እኛ ጋ ችግር ኖሮ አያውቅም ማለቴ አይደለም። ነበረ። “ነበረ” የምትለዋን ያዙልኝ። በእኛ ቤት ችግር የሚነገረው በኃላፊ ጊዜ ብቻ ነው። “ታምሜ ነበር፣ ዳንኩ።” “ትዳሬ ሊፈርስ ነበር፣ ጌታ ጣልቃ ገባ።” እንዲህ ከሆነ ማይኩ ያንተ ነው፤ እልልታው ይቀልጣል፣ ኪቦርዱ ከኋላ ያጅብሃል። “አሁን እያመመኝ ነው” ያልክ ቀን ግን ኪቦርዲስቱ ራሱ ምን እንደሚነካ ግራ ይገባዋል።

ይህን ሥርዓት ያልገባው አንድ ወንድም ነበረን። ነገሩ የሆነው በ2014 ነው (ይኸው እኔም በኃላፊ ጊዜ ጀመርኩ)። አገራችን ከአጎዋ፣ ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ገበያ ዕድል፣ የተሰረዘችበት፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ሠራተኛ የሚቀነስበት ሰሞን። ረቡዕ ማታ የቤት ኅብረት ላይ ነን። ቡናው ቶና ደርሷል፤ ፈንዲሻው ይዞራል። መሪያችን “የጸሎት ርዕስ ያለው?” አለ። የተለመደው መልስ “በልቤ ያለ አንድ ጉዳይ” ነው። ሰውየው ግን ሲኒውን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወደ አተላው እያየ፣ እንዲህ አለ፦

“ሥራ ካቆምኩ አራት ወሬ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ጠዋት ለባብሼ እወጣና ሐይቁ ዳር ተቀምጬ እውላለሁ። መጸለይም አቅቶኛል።”

ፈንዲሻ የሚያኝክ ሁሉ አቆመ።

የኢዮብ ወዳጆች እንኳ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ተቀምጠዋል። ሥራ ፈቶች! እኛ ሰባት ሰከንድ በቃን። “በኢየሱስ ስም! አፍህን ጠብቅ ወንድሜ፤ ሞትና ሕይወት በምላስ እጅ ናቸው!” አለ መሪያችን። አንዲት እህት ደግሞ በፍቅር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “አሥራት ላይ እንዴት ነህ?” አለችው። የባዶ ኪስ አንድ አሥረኛ ስንት እንደሚሆን ያሰላ አልነበረም። ከዚያ ሁላችንም ተነስተን በታላቅ ጩኸት ጸለይንለት። ያለቅስ እንደሆነ የሚሰማ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር፣ መጽሐፉም በዚህ በኩል እንደ እኛ አልበሰለም። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ “ይበቃኛል፣ ነፍሴን ውሰድ” ሲል መልአኩ ምን አደረገ? እንጎቻና ውኃ አቀረበለት! በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። አንድ ተግሣጽ የለ፣ አንድ መንፈስ አልተገሠጸ። እኛ ደርሰንለት ቢሆን የሦስት ቀን ደረቅ ጾም አስይዘን እዚሁ ሐዋሳ ታቦር ተራራ ላይ እናወጣው ነበር።

ታማኝነታችንንም አትርሱ። “እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ” ይላል ያዕቆብ። እኛም አላሳፈርነውም፤ አንዱ የሌላውን ይናዘዛል። “ለጸሎት ብዬ ነው የምነግርሽ፣ ከአንቺ እንዳይወጣ” ተባለ። ወሬው ባጃጅ ከአቶቴ መናኸሪያ ከሚደርስበት ቀድሞ ደረሰ። ባለቤቱ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ላይ ሰማች። የነገረቻት እህት፣ ምስክር ነኝ፣ ከልቧ አልቅሳለች።

በሚቀጥለው ረቡዕ ወንድማችን ሸሚዙን ተኩሶ መጣ። “እንዴት ነህ?” ስንለው “በድል ነኝ!” አለ። “አሜን!” አልን፣ ቤቱ እስኪናወጥ። መሪያችንም ዞር ብሎ “አያችሁ?” አለን። አየን። ሥራ ማግኘት አለማግኘቱን የጠየቀው ግን የለም፤ እኔም ጭምር።

ዛሬ ከጎበዞቻችን አንዱ ነው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ነው።

እኔ በዚህ ሰሞን እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ምክንያቱን ሲያልፍ እነግራችኋለሁ። ባለፈው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቴሌግራም ስከፍት የዚያ ወንድም ስም ሥር “ኦንላይን” ይላል። እሱም አይቶኝ ኖሮ ጻፈልኝ፦ “ሰላም ነው ወንድሜ? አልተኛህም?”

መጻፍ ጀመርኩ። ረዘመብኝ። አጠፋሁት።

“ጌታ ይመስገን፣ እየጸለይኩ ነው” አልኩት።

“አሜን! እኔም” አለኝ።

እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሁለታችንም ኦንላይን ነበርን።