ልምድ አያድንም፦ ስለ «ሁለት ሥራ በአንዴ»

ወንድሜ፣ «ጎበዝ ሠራተኛ ስልክም እያነሳ፣ ቴሌግራምም እየመለሰ ሪፖርቱን ይጽፋል፤ የልምድ ጉዳይ ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን ልክ አይደለም። አእምሯችን ትኩረት የሚፈልጉ ሁለት ሥራዎችን ጎን ለጎን አያስኬድም። ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል እንጂ። በዘለለ ቁጥር ጊዜ ይባክናል፣ ስህተትም ይገባል።

ልምድ ያልከውን ደግሞ እንየው። በ2009 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብዙ ሚዲያ በአንዴ መከታተል የለመዱ ሰዎችን ፈትነው ነበር። የማያስፈልገውን ነገር ችላ በማለት ከሌሎቹ ብሰው ተገኙ። ከሥራ ወደ ሥራ በመቀያየርም ጭምር! ያ እኮ በየቀኑ የሚያደርጉት ነው። በዚያው ዓመት ሶፊ ለሮይ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ሳንጨርስ የተውነው ሥራ ሐሳባችንን ይዞ እንደሚቀር አሳየች።

መቋረጥ አይቀርም፤ አለቃ ሲጠራ ይኬዳል። እኔ የደመወዝ ሒሳብ ስሠራ «እስኪ አንዴ» የሚል ሰው ከመጣ፣ የደረስኩበትን መስመር ወረቀት ላይ ጽፌ ነው ቀና የምለው። ስመለስ ከላይ አልጀምርም። ሁለት አስቸኳይ ሥራ አንድ ላይ ከመጣብህ ደግሞ አለቃህን «የቱ ይቅደም?» ብለህ ጠይቀው። ምንም ነውር የለውም።