ከተነጠቀማ ማን ይናገራል?

አንድ ጸሐፊ «በእንቅልፍ መሃል ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው መንጃ ፈቃድ ይነጠቅ» ያሉት አልተዋጠልኝም። የአውሮፓ ኅብረት የ2014 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ እንኳ ታክሞ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱ የተሻለውን ሰው በሐኪም ማረጋገጫ እንዲነዳ ይፈቅዳል፤ የቤት መኪና ነጂ ቢያንስ በየ3 ዓመቱ አንዴ፣ የከባድ መኪና ሹፌር በየዓመቱ እየታየ።

እኛ አዳማ ያለን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሚስቶች ነገሩን እናውቀዋለን። ባለቤቴ ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ከውኃ እንደወጣ ሰው አየር እየሳበ ይባንናል። ጠዋት «ደህና ተኝቻለሁ» ብሎ ይወጣል፤ መተሃራ ሳይደርስ ዓይኑ ይከብዳል፣ ጫት ይገዛል። (ጫቱ በሽታውን መች ያድናል!) እንጀራው የሚቀር ከመሰለው ሐኪም ዘንድ ሄዶ «አንኮራፋለሁ» የሚል ሹፌር የለም። መጀመሪያ ምርመራውና ትንፋሽ እንዳይቋረጥ ማታ የሚደረገው የአየር ማሽን በአቅማችን ይምጣልን።