አገር ሳያዩ አገር ጎብኝተው ለሚመለሱ

ሰው አገር ሄዶ አገር ማየት ምኑ ይደንቃል? ዓይን ያለው ሁሉ ያደርገዋል። የሚደንቀው ያን ሁሉ ዶላር አውጥቶ፣ ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ፣ ሳምንት ሙሉ ሰንብቶ፣ አንዲት ነገር ሳያዩ በሰላም መመለስ ነው። ጥበቡን የጀመሩት አሜሪካኖች ናቸው፤ የዋሽንግተንና የአካባቢዋ ሰዎቻችን ግን ተምረው አሻሽለውታል። ስለዚህ ዛሬ ትችት የለም። ጃማይካ ደርሰው ጃማይካን ሳይነኳት ለተመለሱ ወገኖቻችን የሚገባቸውን ክብር ልንሰጥ ነው።

ጎብኚያችን ሞንቴጎ ቤይ የምትባለው የጃማይካ ከተማ ይወርዳሉ። ስማቸውን ወረቀት ላይ ጽፎ የያዘ ሰው ተቀብሎ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት መኪና ውስጥ ያስገባቸዋል። መኪናው ሪዞርቱ በር ላይ ያወርዳቸዋል። እዚያ አንጓቸው ላይ የፕላስቲክ አምባር ይታሰርላቸዋል። ጉብኝቱ እዚህ ላይ ተጠናቀቀ። ከዚህ በኋላ ያለው ኦል ኢንክሉሲቭ ይባላል፤ ለቁርሱም፣ ለምሳውም፣ ለእራቱም፣ ለመጠጡም አስቀድሞ ተከፍሏል። ጎብኚያችን ደግሞ ሒሳብ አዋቂ ናቸው። ከአጥሩ ውጭ የሚበላ ምሳ ሁለቴ የተከፈለበት ምሳ መሆኑን ገና ሻንጣቸው ሳይወርድ አስልተው ጨርሰዋል።

ስለዚህ ጀርክ የሚባለውን የደሴቲቱን ጥብስ ፍለጋ በስተምሥራቅ ፖርትላንድ፣ ቦስተን ቤይ ድረስ የሚንከራተት ሰው ሞኝ ነው። እዚያ ሥጋው በቃሪያና በቅመም ታሽቶ በፒሜንቶ እንጨት ፍምና ጭስ ላይ ቀስ እያለ ይበስላል፤ ጭሱም ልብስ ላይ ይቀራል። የሪዞርቱ ቡፌ ግን ለፈረንጅ ሆድ ተብሎ ቃሪያው የተቀነሰለትን ዶሮ «ጀርክ» የሚል ካርድ ሰክቶበት ይጠብቃል። ጎብኚያችን አንድ ጊዜ ጎርሰው «እነዚህ ሰዎች ቅመም አያውቁም» ሲሉ ይፈርዳሉ፤ ከቦርሳቸውም ሚጥሚጣ ያወጣሉ። ስኮች ቦኔት የተባለው የአገሬው ቃሪያ ሚጥሚጣን እጅ የሚያስነሳ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

ባሕር ዳርቻውማ ልዩ ነው፤ ጃማይካዊ የለበትም። ማለቴ፣ ፎጣ የሚያነጥፈውና መጠጥ የሚያመጣው ብቻ ነው ጃማይካዊው። ለዚህ ጸጥታ ልናመሰግን የሚገባን የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎችን ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጡት የባሕር ዳርቻ ቁጥጥር ሕግ ዳርቻውን ለዘውዱ አድርጎ ለተራው ሕዝብ አጠቃላይ የመዋኘት መብት ሳይሰጥ አለፈ። አገሪቱ በ1962 ነጻ ወጣች፤ ሕጉ ግን ባለበት ቀረ። ዜጎቹ እስከ ፍርድ ቤት ሄደው እየተሟገቱበት ነው። ጎብኚያችን ይህን ቢሰሙ ያዝኑ ነበር፤ እግዜር ይስጠው፣ ሪዞርቱ እንዳይሰሙ አድርጓል።

አንድ ቀን ግን ጨክነው ይወጣሉ። የሚሄዱት ኦቾ ሪዮስ አጠገብ ወዳለው ደንስ ሪቨር ፏፏቴ ነው፤ ውሃው 180 ሜትር ያህል እርከን በእርከን እየወረደ በቀጥታ ባሕር ውስጥ ይገባል። ሰዉ እጅ ለእጅ ተያይዞ በዓለቱ ላይ ሽቅብ ይወጣል። ጎብኚያችን የሚወጡት ፊታቸውን ወደ ስልኩ፣ ጀርባቸውን ወደ ፏፏቴው አድርገው ነው። ፏፏቴውን ማታ አልጋቸው ላይ ሆነው ያዩታል። ከትከሻቸው ኋላ ነጭ ነገር አለ።

ታላቁ ችሎታቸው የሚታየው ግን ከሰው ጋር ሲገናኙ ነው። ከሪዞርቱ በር ወጣ ብሎ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ኮፍያና የእንጨት አንበሳ የሚሸጡ አንድ ጸጉራቸው የተጎነጎነ ሽማግሌ አሉ። መልካቸውን አይተው ይጠረጥሩና ከየት እንደመጡ ይጠይቋቸዋል። «ከሜሪላንድ» ይላሉ ጎብኚያችን። ውሸት የለበትም፤ የሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ውስጥ ናት። ግን በአንድ ቃል ስንት ጣጣ እንደተገላገሉ ልብ በሉ! «ኢትዮጵያ» ቢሉ ኖሮ ሽማግሌው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ሊቆሙ ነው። ከዚያ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ሊነሳ ነው፦ ጃንሆይ ኪንግስተን ሲያርፉ ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሕዝብ ጥሶ ገብቶ አውሮፕላኑን እንደከበበ፣ ንጉሠ ነገሥቱ መውረጃ አጥተው ውስጥ እንደቆዩ፣ ሞርቲመር ፕላኖ የተባሉ የራስታ አባት ደረጃውን ወጥተው ሕዝቡን ካረጋጉ በኋላ እንደወረዱ፣ ቀኑም እስከ ዛሬ በየዓመቱ እንደሚከበር። በዚያ ላይ የቦብ ማርሌይ ነገር አለ፤ ሊሞት ወራት ሲቀሩት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ተጠምቆ ብርሃነ ሥላሴ እንደተባለ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሞትም በእኛው ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተሸኝቶ በተወለደባት በናይን ማይል መንደር እንዳረፈ። ይህ ሁሉ ሲወራ የአሥር ሰዓቱ የገንዳ ውስጥ ዙምባ ያመልጣል።

የባሰው ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው። ሽማግሌው ሻሸመኔን ሊጠይቁ ነው። ጃንሆይ የሰጡት መሬት እንዴት ነው፣ እዚያ የሄዱት ወንድሞቻችን እንዴት ናቸው ሊሉ ነው። ምን ተብሎ ይመለሳል? ጎብኚያችን ሻሸመኔን የሚያውቋት ወደ ሐዋሳ፣ ወደ አርባ ምንጭ ወይም ወደ ወንዶ ገነት ሲሉ በመኪና መስኮት ነው፤ ያውም እንቅልፍ ይዟቸው። ሙያው ጃማይካ የተለመደ እንዳይመስለን፤ አገር ቤት ተጀምሮ ፓስፖርት ያወጣ ነው።

ብሉ ማውንቴን የሚባለውንም ተራራ በጥበብ ዘለውታል። ጫፉ 2,256 ሜትር ነው፤ ሰዎች ፀሐይ ስትወጣ ለማየት በሌሊት ይወጡታል፣ ሰማዩ ሲጠራ ኩባ ትታያለችም ይባላል። እንጦጦ ሥር ያደገ ሰው ከእንጦጦ ያነሰ ተራራ ላይ ምን ቆርጦት ይወጣል? በተራራው ወገብ የሚበቅለው ቡና ጃፓኖች ተሻምተው የሚገዙት ነው። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1728 ደሴቲቱ የገባ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ሲቆጠር የእኛው ጫካ ይደርሳል፤ እንደ ዘመድ ሄዶ መጠየቅም ያባት ነበር። ጎብኚያችን ሎቢው ውስጥ ካለው ማሽን አንድ ኩባያ ቀድተው «የኛን የመሰለ የትም የለም» አሉ። ሌላውን ሳይቀምሱ ለአገር መመስከር ከዚህ በላይ የለም።

በሞንቴጎ ቤይ ስላሉ ወደ ኮክፒት ካንትሪ ኮረብቶች ቢሄዱ ደግሞ አኮምፖንግ የተባለችውን መንደር ያገኙ ነበር። ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡ ማሩኖች እንግሊዝን ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ1739 ውል አስፈርመውባታል፤ በዓሉ በየዓመቱ ጃንዋሪ 6 ይከበራል፣ የእኛ ገና ዋዜማ መሆኑ ነው። ጎብኚያችን ስለ ዓድዋ ከተጀመረ ሌሊቱን ሙሉ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ሌላው ጥቁር ነጭን ያሸነፈበትን ቦታ ማየት ግን ወሬያቸውን ሊያደበዝዝባቸው ይችላልና አልሄዱም። እኔም እደግፋቸዋለሁ።

በመርከብ የሚመጡቱን ብዙ አላወድስም፤ እነሱ ተወዳዳሪ የላቸውም። ፋልመዝ ላይ ጠዋት ወርደው ማታ ይሳፈራሉ። ከተማዋ ከኒውዮርክ ቀድማ የቧንቧ ውሃ የነበራት፣ የስኳር ገንዘብ የገነባቸው አሮጌ ሕንጻዎች የሞሉባት ናት። እነሱ ግን ለመርከብ ተሳፋሪው ተብለው የተሠሩትን የወደብ ሱቆች ዞረው፣ ማግኔት ገዝተው፣ በጊዜ ይመለሳሉ። መርከቡ ላይ ደግሞ ፒዛ አለ።

ጎብኚያችን አሁን ተመልሰዋል። ጠቁረዋል፣ ወፍረዋል፣ አምባሩንም ለማሳያ ገና አልቆረጡትም። ጃማይካ እንዴት ናት ሲባሉ «ባሕሩ ቆንጆ ነው፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም» ይላሉ፣ ሙሉ በሙሉ ከልባቸው። ቀጣዩ ጉዞ ፑንታ ካና ነው። አገሩ ዶሚኒካ ይሁን ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገና አልተጣራም፤ ቲኬቱ ግን ተቆርጧል፣ ሚጥሚጣውም ተመዝኗል።