በግልጽ ድምፅ ስጡ የተባሉት

ወገኖቼ፣ «እኛ ምን አደረግን? የሚያባሉን ፖለቲከኞቹ ናቸው» የምትሏትን ነገር ተዉአት። እንደምትጥም አውቃለሁ፤ እኔም ብያታለሁ። የሜጋራን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ግን ከአፌ አልወጣ ብላለች።

ሜጋራ በአቴንስና በቆሮንቶስ መካከል የተጨመቀች ትንሽ የግሪክ ከተማ ነበረች። ትንሽ ስላችሁ አትናቋት፤ በኋላ ቁስጥንጥንያ የተባለችውን ቢዛንቲየምን የቆረቆሩት የእሷ ልጆች ናቸው። በአንድ ወገን ኒሳያ፣ በሌላው ፔጌ የሚባሉ ወደቦች ነበሯት፤ ሁለት ባሕር የሚነካ አገር ደግሞ ጎረቤቱ አይተኛለትም። ከቆሮንቶስ ጋር በድንበር ብትጣላ አቴንስን ጠራች፤ አቴንስም ከከተማው እስከ ኒሳያ ረጅም ግንብ ገነባችላት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ446 ደግሞ የአቴንስን ወታደሮች ገድላ ወደ አቴንስ ተቀናቃኝ ወደ ስፓርታ ዞረች። አቴንስ ቂሟን አልረሳችም፤ የሜጋራን ሰዎች ከገበያዋና ከምትገዛቸው ወደቦች ሁሉ አገደች፤ በ431 በአቴንስና በስፓርታ መካከል ጦርነት ሲነሳም በዓመት ሁለት ጊዜ እየመጣች ማሳቸውን አወደመች።

በ424 ከተማዋ ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሕዝቡ ያባረራቸው ባለጸጎች ፔጌ ላይ መሽገው ይዘርፏታል። ውስጥ ያሉ ወዳጆቻቸው «ይመለሱና እንረፍ» ማለት ሲጀምሩ፣ የሕዝቡ መሪዎች «እነዚያ ከተመለሱ አለቀልን» ብለው ፈሩ። ከዚያ ያደረጉትን ስሙ። ወደ አቴንስ አዛዦች፣ ወደ ሂፖክራተስና ወደ ዴሞስቴንስ፣ በስውር ላኩ። የሜጋራ ሴረኞች ሌሊት ሌሊት ጀልባ በጋሪ ጭነው በረጅሙ ግንብ በር ይወጣሉ፤ ባሕር ላይ ጠላት ልንዘርፍ ነው ብለው አለቃውን አስፈቅደዋል። ሳይነጋ በዚያው በር ይመለሳሉ። ዘበኛው ለመዳቸው። የቀጠሮው ዕለት ጋሪው በሩ መሐል ሲደርስ በሩ አልዘጋ አለ፤ በጨለማ ያደፈጡት አቴናውያን ሮጠው ገቡ።

ለከተማው በር ደግሞ ሌላ ብልሃት ነበራቸው። ሴረኞቹ ገላቸውን ዘይት ይቀባሉ፤ በሩ ሲከፈት አቴናውያን በዘይቱ ለይተው እንዳይነኳቸው ነው። ጎረቤትህን ለሰይፍ ሰጥተህ አንተ በዘይት ልትተርፍ! ከመካከላቸው አንዱ ምስጢሩን ባያወጣው ኖሮ ይሳካላቸው ነበር።

አቴናውያን ኒሳያን ያዙ። ብራሲዳስ የሚባለው የስፓርታ አዛዥ ደግሞ በሌሊት ደርሶ «አስገቡኝ» አለ። አንዱም ወገን አልከፈተለትም። ሁለቱም የመረጡት ዝም ብሎ ማየትን ነው፤ ከአሸናፊው ጋር ለመሰለፍ። እናንተን የማያችሁ እዚህ ላይ ነው፣ ራሴንም ጭምር። ጎመን በጤና ብለን በር ዘግተን፣ በመስኮት ማን እንደሚያሸንፍ የምናይ። አቴናውያን ውጊያውን ትተው ሲመለሱ በሩ ለብራሲዳስ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ዋነኞቹ ሴረኞች ወዲያው ሹልክ ብለው አመለጡ፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ከፔጌ የተመለሱት ግን ያለፈውን ላያነሡ፣ ቂም ላይዙ፣ በከባድ መሐላ ነበር የገቡት። ሥልጣን ሲይዙ ሕዝቡን የጦር መሣሪያ ፍተሻ ነው ብለው አሰለፉት፤ ከሰልፉ መቶ ያህል ሰዎች ለይተው አወጡ፤ ከዚያም ሕዝቡን «በእነዚህ ላይ በግልጽ ድምፅ ስጡ» አሉት።

እስቲ አስቡት። አሁን አጠገብህ ቆሞ የነበረው ሰው ወዲያ ማዶ ተለይቶ ቆሟል። ከሰልፉ መርጠው ያወጡት ሰዎች አንተንም ያዩሃል። ምን ትላለህ? የሜጋራ ሰዎች «ይሙቱ» አሉ፤ መቶዎቹም ተገደሉ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ድምፅ ነው። ዘይት ያልተቀባ፣ ከፔጌ ያልመጣ፣ ጋሪ ያልነካ ሰው የሰጠው ድምፅ። በስልካችሁ የስም ዝርዝር ሲመጣላችሁ «ይበለው» ብላችሁ የምትጽፉ፣ ሳታነቡ ለሌላው የምታስተላልፉ፣ የማን ድምፅ ይመስላችኋል? እናንተን እኮ ያስገደዳችሁ የለም፤ ማንም በሰልፍ አላቆማችሁም።

ከዚያ በኋላ ሜጋራን የገዟት ጥቂቶች ናቸው፤ ጥቂቶች ያመጡት አገዛዝ እንዲያ ረጅም ዘመን የቆየበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ያን ረጅም ግንብ ደግሞ የሜጋራ ሰዎች በዚያው ክረምት አስመልሰው እስከ መሠረቱ ናዱት።