ከወባ መመርመሪያው የሚሰወረውን ተህዋስ የመረጥነው እኛ ነን

ጤና ኬላ ላይ የፈጣን ምርመራው ውጤት ነጌቲቭ ከሆነ ታማሚው ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት ሳይሰጠው ይመለሳል። አብዛኞቹ የመመርመሪያ ኪቶች የሚፈልጉት ደግሞ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ የሚያመነጨውን ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ጂን የጎደለው ተህዋስ ደም ውስጥ እያለ አይታይም፤ ሳይታከም ይቆይና ትንኝ ወደ ሌላ ሰው ታደርሰዋለች። ጂኑ ያለው ግን በሦስት ቀን መድኃኒት ከደም ይጸዳል። ይህ ተፈጥሯዊ ምርጫ ነው፤ መራጩ የምርመራ ሥርዓታችን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከደቡብ ሱዳን በሚዋሰኑ የኢትዮጵያ አካባቢዎች 12,572 ሰዎችን አካቶ ነበር። በግምቱ ከፋልሲፓረም ሕመምተኞች 9.7 በመቶው በጂን መጉደል ምክንያት በኪቱ ይሳታሉ። ኪቱ ተመሳሳዩን ኤችአርፒ3ንም በከፊል ስለሚይዝ፣ ተህዋሱ በደንብ የሚሰወረው ሁለቱም ጂኖች ሲጎድሉት ነው። የኤችአርፒ3 መጉደል የቆየ ሆኖ ተገኝቷል፤ የኤችአርፒ2 ግን በቅርቡ በጠንካራ ምርጫ የተስፋፋ ነው።

ጂን የጎደለው ተህዋስ በዛ ማለት ግን ሁልጊዜ ኪቱ መረጠው ማለት አይደለም። በፔሩ አማዞን ከተመረመሩ ናሙናዎች 41 በመቶው ኤችአርፒ2 አልነበራቸውም፤ ምርመራው ግን በዋናነት በማይክሮስኮፕ ነበር። ተህዋሱ በቁጥር ባነሰበት አካባቢ ጥቂት የዘር መስመሮች በአጋጣሚ ሊገኑ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ኪት እንዲቀየር የሚመክረው በዚህ ምክንያት የሚሳቱት ከ5 በመቶ ሲያልፉ ነው። እኔ ገደቡን ገና ባላለፉ አካባቢዎች ዝግጅቱ ከዚያ በፊት መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ተህዋሱ በሰው ደም ውስጥ ከእያንዳንዱ ጂን አንድ ቅጂ ብቻ ስላለው ጉድለቱን የሚሸፍን ሌላ የጂኑ ቅጂ የለም፤ ምርጫው በቀጥታ ያገኘዋል። ለስሌት ያህል፣ የተሰወረው ተህዋስ በየትውልዱ 10 በመቶ የመራባት ብልጫ አለው፣ በዓመትም ከሰው ወደ ሰው 6 ጊዜ ይተላለፋል እንበል። ድርሻው ከ1 ወደ 5 በመቶ ለመድረስ 17 ትውልድ ገደማ፣ ማለትም 3 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከ5 ወደ 50 በመቶ ለመዝለል ደግሞ 31 ትውልድ፣ 5 ዓመት ያህል ይበቃዋል። ጨረታው፣ ግዢውና ሥልጠናው ከዚሁ ጊዜ ላይ ይቀነሳሉ። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ወርደው የሚመለሱ ሠራተኞች ደግሞ ጂን የጎደለውን ተህዋስ ሳያውቁት ወደ ሌሎች ወረዳዎች ሊያደርሱት ይችላሉ።

ክትትሉ ከባድ አይደለም። ለአንድ ታማሚ ኤችአርፒ2ን እና ኤልዲኤች የተባለውን ፕሮቲን የሚፈልጉ ሁለት ኪቶች ይሠራሉ፤ በኤልዲኤች ፖዘቲቭ፣ በኤችአርፒ2 ነጌቲቭ የሆነው ሰው ደም በወረቀት ላይ ደርቆ ፒሲአር ለተባለው የላቦራቶሪ የጂን ምርመራ ይላካል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ትርጓሜው ነው። ተህዋሱ በጣም ጥቂት ከሆነ ፒሲአሩ ጂኑን ሳያገኘው ይቀርና "ጎድሏል" ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሌላ የተህዋሱ ጂን በዚያው ናሙና መውጣቱ ሳይረጋገጥ ውጤቱ መቆጠር የለበትም።

ከዚሁ የደረቀ ደም ኬ13 የተባለው የተህዋሱ ጂንም ይነበብ። ተህዋሱ አርቴሚሲኒን የተባሉትን የወባ መድኃኒቶች (የኮአርተም አንዱ ክፍል ከነዚህ ነው) በከፊል ከመላመዱ ጋር የተያያዘው 622አይ የተባለ ሚውቴሽን በአገራችን ተገኝቷል፤ ይህን ሚውቴሽንና የኤችአርፒ2 ጂን መጉደልን ባንድ ላይ የያዙ ተህዋሶችም ታይተዋል። ለዚህ ተጨማሪ የደም ጠብታ አያስፈልግም።