ናሙናው ውጭ ሲሄድ ተማሪው ምን ይማራል?

የፊዚክስና የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪዎቻችን አንድ ችግር አለባቸው። ናሙናውን እዚሁ ያዘጋጃሉ፤ ዱቄቱን ይፈጫሉ፣ በምድጃ ያግላሉ፣ ጨምቀው እንክብል ያደርጉታል። የማግኔት ባሕርዩን ለመለካት ሲደርሱ ግን መሣሪያ የለም። ስለዚህ ናሙናውን ውጭ አገር ልከው የሚያስለኩ አሉ። ግራፉ በኢሜይል ይመጣል፣ ተማሪው ሌላ ሰው የለካውን ያብራራል። እኔን ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ኤድዊን ሆል እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ታዋቂው የፊዚክስ ሊቅ ማክስዌል፣ ማግኔት የሚገፋው ሽቦውን እንጂ በውስጡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ጅረት አይደለም ብሎ ጽፏል። ሆል አልተዋጠለትም። መምህሩን ሄንሪ ሮውላንድን ጠየቀ። ሮውላንድም ነገሩን ይጠራጠር ነበር፤ ቀደም ብሎ ሞክሮም ምንም አላገኘም። ምናልባት የተጠቀመበት ብረት ወፍራም ስለነበር ነው። እናም ተማሪውን በመስተዋት ላይ በተለጠፈ እጅግ ስስ ወርቅ እንዲሞክር መከረው። ኦክቶበር 28 ቀን የጋልቫኖሜትሩ (ትንሽ ጅረት የሚያሳየው መሣሪያ) መርፌ ተነቃነቀ። ማግኔቱ ጅረቱን ወደ ጎን ስለገፋው በወርቁ ግራና ቀኝ ትንሽ ቮልቴጅ ተፈጥሯል። ይህ ቮልቴጅ ናሙናው በሳሳ ቁጥር ይጨምራል፤ ወፍራሙ ላይ ያልታየውም ለዚህ ነው።

ኤሌክትሮን ገና አልተገኘም ነበር፤ የተገኘው በ1897 ነው። ዛሬ በዚሁ ዘዴ በሴሚኮንዳክተር ውስጥ ስንት ኤሌክትሪክ ተሸካሚ እንዳለ ይለካል። በየመንገዱ በምናያቸው ብዙ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥም የሞተሩን አቀማመጥ የሚያሳውቀው፣ በዚሁ ክስተት የሚሠራው የሆል ሴንሰር ነው።

ሆል ወፍራም ናሙና ለሌላ ላብራቶሪ ልኮ ቢሆን ኖሮ፣ «ምንም የለም» የሚል መልስ ይመጣለት ነበር። ጉዳዩም እዚያው ይቀር ነበር። ያዳነው መሣሪያው እጁ ላይ መሆኑ ነው። አልሆነም? ናሙናውን ቀይሮ እንደገና ለካ።

በመካኒካል ምህንድስና በኩል ነገሩ ይሻላል። የእንሰት ቃጫን ኢፖክሲ ከሚባል ሙጫ ጋር አዋሕደው እስኪበጠስ የሚጎትቱ ተማሪዎች አሉን። በጣም ደስ የሚል ሥራ ነው። ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ ካልታጠበ ከሙጫው ጋር በደንብ እንደማይያያዝ በዓይናቸው ያያሉ። ናሙናው መሃሉ ላይ ሳይሆን የማሽኑ መንጋጋ የያዘው ቦታ ላይ ከተበጠሰ ልኬቱ እንደማይታመንም ያውቃሉ። በኢሜይል የመጣ ግራፍ ይህን አይናገርም።

ትልልቆቹ የማግኔት መለኪያዎች ውድ ናቸው፤ ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይግዛ አልልም። ለሆል ልኬት ግን ኤሌክትሮማግኔት፣ የማይዋዥቅ የጅረት ምንጭና ትንሽ ቮልቴጅ የሚያነብ መለኪያ ይበቃል። ይህን የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎቻችን ማሟላት አያቅታቸውም። ናሙናው የግድ ውጭ መሄድ ካለበት፣ ተማሪውም አብሮ የሚሄድበት በጀት ይፈለግ። ያ ካልተቻለ ደግሞ ልኬቱ ሲካሄድ በቪዲዮ ይከታተል፣ ከግራፉ ጋርም ጥሬ ቁጥሮቹ ይላኩለት። ፈታኞችም በመመረቂያው ቀን መጀመሪያ «ይህን ማን ለካው? እንዴት?» ብለው ይጠይቁ።